ጭራቁ ውስጥ ያለው ሰው

ከጀርመን ለእረፍት አገር ቤት ስገባ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ እስር ቤት ወሰዱኝ። ክፍሉ መስኮት አልነበረውም። ግድግዳው እስከ ደረት አረንጓዴ ተቀብቷል፤ በረኪና በረኪና ይሸታል። ቀድመውኝ የታሰሩ አንድ ሽማግሌ ፍራሻቸውን ጠጋ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ። በምን መጣህ ሲሉኝ በፊልም አልኳቸው። ያሾፍኩባቸው መስሏቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ፊልሙ ራሱ ሹፈት ነው። ፍራንክፈርት፣ ቦናመስ ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ ኬለር፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ አራት ሆነን በሁለት ቅዳሜ ሠራነው። አስፈሪ ፊልም መሆኑ ነበር። ጭራቁ የስፖንጅ ጭንብል ያጠለቀ ጓደኛችን ነው። ከፍሎማርክት፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ የተገዛ አሮጌ የመኮንን ካፖርት አለበስነው፤ በልኩ የተገኘው እሱ ብቻ ነበር። ደሙ የቲማቲም ድልህ ነው። የፎቁ ኃላፊ ሃውስማይስተሩ መጥቶ ሲያባርረን እንኳ ይታያል፣ መቁረጥ የሚችል ሰው አልነበረንም። ሐበሻው በስልክ እየተቀባበለ ሆዱን ይዞ ሳቀብን።

መርማሪው ግን አልሳቀም። ጠረጴዛው ላይ ስልክ አስደግፎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳየኝ። በካፖርቱ ማንን ነው የሰደባችሁት አለኝ። ማንንም አልኩት። ውስጡ ያለው ማነው አለኝ። የጓደኛዬ እናት እኔ በታሰርኩበት ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ። ስሙን ብሰጥ በማግስቱ ደጃቸውን እንደሚያንኳኩ አልጠፋኝም።

"እኔ ነኝ" አልኩት።

"አንተ አጭር ነህ።"

"ጫማው ነው።"

"እስቲ ተነስና እንደሱ ሂድ።"

"እጄን ፍታልኝ፤ እጁን ዘርግቶ ነው የሚሄደው።"

ትንሽ አይቶኝ ካቴናውን ፈታልኝ። ጓደኛዬ በጭንብሉ ምንም ስለማይታየው ግድግዳ እየዳበሰ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ነበር የሚሄደው። እንደዚያው ሄድኩ። በር ላይ የቆመው ጠባቂ ሳቀ። እኔ እስከ ግድግዳው ደርሼ ተመለስኩ። መርማሪው ስልኩንም እኔንም አየና ጻፈ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየጠራ ያስኬደኝ ጀመር። እንዳልሳሳት ክፍላችን ውስጥ እለማመዳለሁ፤ ሽማግሌው ነገሩ ከገባቸው በኋላ ፍራሻቸው ላይ ሆነው ያርሙኝ ነበር። "ትከሻህን ጣል፣ ልጄ። አትቸኩል" ይሉኛል። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ያለ ምንም ማብራሪያ ለቀቁኝ። እሳቸው እዚያው ቀሩ፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ይህን ለጓደኛዬ ነግሬው አላውቅም። ባለፈው ወር እናቱ ከአገር ቤት ሊጠይቁት መጡና ፍራንክፈርት ጋሉስ ሰፈር ያለው ቤቴ ይዟቸው መጣ። ልጆቼ ፊልሙን ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈቱት። እናቱ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት።

"ይኼ ውስጡ ያለው ማነው?" አሉ።

እኔ ነኝ ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

"እኔ ነኝ እማዬ" አለ እሱ እየሳቀ።

ሳላስበው ተነስቼ በሩ መቆለፉን አየሁ። ልጄ ተከትላኝ መጥታ፣ ማን ሊመጣ ነው ብላ በጀርመንኛ ጠየቀችኝ። ማንም አይመጣም አልኳት፤ እጇን ይዤ ተመለስኩና ከጓደኛዬ እናት አጠገብ ተቀመጥኩ።