ዛፍ የሌለው ግቢ

ዛሬ ዕቃችንን ከባጃጅ ስናወርድ ከማሰሮዬ ውሃ ፈሶ እጄን አራሰኝ። እርጥብ ሸክላ ሲሸተኝ እናቴ የሰው ግድግዳ በመዳፏ ስትዳብስ ትታየኛለች።

ልጅ እያለሁ ኒውላንድ በሚባል ሞቃት ሰፈር ከምንኖርበት ቤት ልቀቁ ተባልን። እናቴ ስኳር ነበረባት። ፍሪጅ ስላልነበረን ኢንሱሊኗን በላስቲክ ጠቅልላ፣ እርጥብ አሸዋ በያዘ ማሰሮ ውስጥ አድርጋ፣ ሙቀት እንዳያበላሸው ግቢያችን ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ታስቀምጠው ነበር። ቤት ፍለጋ ስንዞር ስለ ክፍሎቹ አትጠይቅም። ያበጠ እግሯን እየጎተተች ግድግዳውን ዙሪያውን ትነካለች።

«እትዬ፣ ግቢና ውስጡን እዪው እንጂ» አላት ደላላው ሰልችቶት።

«ውስጡ ይቆየኝ ወንድሜ። ዛፍ አለው?»

«ነበረው፣ ተቆረጠ።»

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች። «ዛፍ ከሌለው እኔም የለሁም» አለች፣ ለእሱም ለእኔም ሳይሆን። ማንጎ የምትወድ መሰለኝ። እኔ እገዛልሻለሁ አልኳት። ራሴን ዳበሰችኝ።

ሌላ ቤት ጠፋና ያንኑ ያዝነው። በጋው ሳያልቅ ቀበርናት።

አሁን ስኳሩ እኔ ጋ ነው። ፍሪጅ አለኝ፤ መብራቱ ግን ሄዶ ስለሚቀር ማሰሮውን አልጣልኩትም። ባለቤቴ አልጋውን የት እናድርገው እያለ ይጣራል። እኔ ፀሐይ የዋለበትን ግድግዳ ነካሁት። ያቃጥላል።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለችኝ ልጄ።

«ማሰሮውን የት እንደማስቀምጠው እያየሁ ነው» አልኳት። ግቢውን ግን ዞሬ ጨርሼ ነበር፤ አንድም ዛፍ አላገኘሁም።