ከበዴሳ ወደ ሶዶ፦ እጅ የሚነበብበት ቴሌቪዥን ፍለጋ

የቤታችን ቴሌቪዥን ከተበላሸ ሳምንታት አለፉ። ለእኔ ብዙም አልከበደኝም፤ ቀኑን ሙሉ የምውለው በዴሳ ገበያ፣ እህል መጋዘኔ ውስጥ ነው፤ ወሬ እንደሆነ እዚያ በኩንታል ይገባል። የከበዳት እህቴ አስቴር ናት። አስቴር ከልጅነቷ ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትሰፋውም እቤት ቁጭ ብላ ነው። መስማት ለተሳናቸው በተከፈተ ትምህርት ቤት የምልክት ቋንቋ ስለተማረች፣ ዜና የምትከታተለው ስክሪኑ ጥግ ላይ ሆኖ በእጁ ከሚያስተረጉመው ሰው ነው።

እሱ ከጠፋባት ወዲህ አገር ያወቀውን እሷ መጨረሻ ላይ ነው የምትደርስበት። በቅርቡ ትራንስፖርት እንደማይኖር አስቀድሞ በዜና በተነገረበት ቀን፣ የደንበኛ ልብስ ይዛ መናኸሪያ ስትጠብቅ ውላ ተመለሰች። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ያውቃል፣ የነገራት ግን አንድም የለም። ያን ቀን ማታ ዓይኗ ቀልቶ በእጇ እንዲህ አለችኝ፦

«የሚቀጥለውን እኔ ነኝ የምመርጠው። እጅ የማይነበብበት ከሆነ ባዶ ግድግዳ ይሻለኛል።»

እሺ አልኩ። ግን እኔም የበዴሳ ሰው ነኝ፤ ቴሌቪዥን የምመርጠው በድምፁ ነው። እኛ ዘንድ መዝሙር ተከፍቶበት ጎረቤት ካልሰማ ተገዛ አይባልም። እናም ጆሮዋ ለማይሰማ እህቴ ቴሌቪዥን ልመርጥ ስነሣ፣ መዝሙር የሞላ ፍላሽ ኪሴ ከተትኩ። እንግዲህ ፍረዱኝ።

መንገድ ላይ

ቅዳሜ በጠዋት ሚኒባስ ያዝን። ለሦስት በተሠራው ወንበር አራት ሆነን ተቀምጠናል፤ ረዳቱ ግን «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ይገባል» ይላል። ሒሳብ ሲቀበል ክው አልኩ፤ በሩ ላይ የተለጠፈው ታሪፍ ሌላ፣ እሱ የሚጠይቀው ሌላ። ጣቴን ወደ ወረቀቱ ስቀስር፣ ጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ሳቅ ብለው፣ «ልጄ፣ እሱ የተለጠፈው እንዲነበብ ነው እንጂ እንዲከፈል አይደለም» አሉኝ። ከፈልኩ።

ግራ ቀኙ በቆሎ ነው፣ በየቤቱ ጓሮ እንሰት። ወደ ገበያ የሚነዱ ከብቶች መንገዱን ሞልተውት ሾፌሩ ደጋግሞ ይቆማል። አስቴር መስኮቱን ይዛ ሁሉንም ታያለች። ዳሞታ ተራራ አናቱን ደመና ሸፍኖት ሲታየን ትከሻዬን ነካ አድርጋ «ደረስን» አለችኝ።

ሶዶ፣ ሱቁ ውስጥ

ከመናኸሪያው በባጃጅ ወደ ሶዶው መርካቶ ወረድን። የገባንበት ሱቅ ባለቤት ቀይ ሹራብ የለበሰ፣ አፉ የማያርፍ ጎልማሳ ነው። ሦስት ቴሌቪዥኖች ጎን ለጎን አቆመልን። የመጀመሪያው ስሙ በሰው ሁሉ አፍ ያለ ነው። ሁለተኛው ስሙን ሰምቼው የማላውቅ፣ ሦስተኛው እዚሁ አገር የተገጣጠመ። የመጀመሪያውን ዋጋ ሲነግረኝ መቀመጫ ፈለግኩ።

«በዚህ ገንዘብ እኮ ወይፈን እገዛለሁ» አልኩት።

«ግዛ ወንድሜ። ዜና ሲያነብልህ ደውልልኝ።»

ቀጥሎ የመጣው ከዋጋውም ባሰ። ባለሱቁ ሁለተኛውን ሊከፍት ሪሞቱን ሲጫን፣ ሦስተኛውም አብሮ በራ። ድምፅ ሲጨምር የሁለቱም ጨመረ። ስማቸው የተለያየ፣ ዋጋቸው የተለያየ፣ የሚታዘዙት ግን ለአንድ ሪሞት። ጀርባቸውን አዙሬ አየሁ፤ ቀዳዳው ሳይቀር አንድ ነው። ባለሱቁ አንገቱን አከከና፣ «አንድ እናት የወለደቻቸው ይሆናሉ እንግዲህ» አለ። እኔ በቆሎን በሁለት ስም ብሸጥ ገበያው ይውጠኛል።

ፍላሼን ባለ ትልቁ ስም ላይ ሰካሁ። ድምፁ ሱቁን አንቀጠቀጠው፤ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። ልቤ ወደደው። እንደ ከብት ገበያ የባለሱቁን እጅ መትቼ ልጨርስ ስል፣ አስቴር መሀላችን ገብታ እጄን ያዘችኝ። ዜና ይከፈት አለች።

የቀትር ዜና ነበር፤ አስተርጓሚዋ ጥጉ ላይ ናት። ባለሱቁ አንቴናውን እያቀያየረ ሦስቱንም በየተራ አሳየን፤ ድምፃቸውን ዘግቶ እኔ የጀመርኩትን መዝሙር በስልኩ ቀጥሏል። ትልቁ ላይ የአስተርጓሚዋ እጅ ሲፈጥን ጣቶቿ ተያይዘው ገንፎ ይሆናሉ። ባለሱቁ ቅንብሩን ወዲያ ወዲህ ቀያየረው፣ አልሆነም። አስቴር ራሷን ነቀነቀች። ሁለቱ «ወንድማማቾች» ላይ ግን የአስተርጓሚዋ ጣት አንድ በአንድ ይታያል።

አስቴር ሦስተኛው ፊት ቆማ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ እቤት በለመድነው ምልክት፣ የሞተር ብስክሌት እጀታ እንደሚጠመዝዝ ሰው ጭብጧን አዞረች፤ ቀጥላ መዳፏን ወደ ላይ ከፍ አደረገች።

«ቤንዚን ጨመረ ትላለች» አልኩት ባለሱቁን።

«ማን ነገራት?» ብሎ መዝሙሩን አቁሞ ድምፁን ከፈተ። ዜና አንባቢው የነዳጅ ዋጋ ጭማሪ ላይ ነበር። ባለሱቁ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ አስቴርን አየ። እኔም ደነገጥኩ። ዜና እንደምታይ አውቃለሁ፤ ይህን ያህል እንደምትይዝ ግን አላውቅም ነበር።

ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ ከሆኑ ርካሹ ይሻላል ብላ ሦስተኛውን አስጫነችን። ድምፁ የትንኝ ነው። ሒሳቡን ቆጠርኩ።

ምሳና መልስ

ምሳ ጥሬ ሥጋ በዳጣ በላን። ዳጣው ያስለቅሳል፤ አስቴር ግን አስጨመረች። መናኸሪያ ስንደርስ ዜናው ቀድሞናል፤ ረዳቱ «ቤንዚን ጨምሯል» ብሎ ከጠዋቱ ላይ ጨመረብን። ቴሌቪዥኑንም እንደ አንድ ተሳፋሪ አስከፈለን። እንዳይሰበር ጭናችን ላይ አቁመን፣ እሷ በአንድ ጎን፣ እኔ በሌላው ደግፈን በዴሳ ገባን።

ለአንባቢ ከዚህ ጉዞ የማተርፈው ምክር ይህ ነው፦ ሱቅ ውስጥ ለማሻሻጥ የሚከፈተውን የዓሣና የአበባ ቪዲዮ አትመኑ፤ እቤታችሁ የምታዩትን ነገር ራሱን አስከፍታችሁ ተመልከቱ። ደግሞም የሚያየውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

እቤት

እናታችን ከወላይትኛ ሌላ ቋንቋ አታውቅም። አማርኛ ዜና ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እንደምታይ ስሰማ፣ ለጨዋታ ነው እል ነበር። ያን ምሽት ቴሌቪዥኑን ሰቅለን ዜናው ሲጀምር፣ አስቴር ከእናታችን ፊት ለፊት በርጩማ ስባ በጎን ዞራ ተቀመጠች፤ አንድ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው። እጇ መሥራት ጀመረ። ጭብጧን ጠመዘዘች፣ መዳፏን ከፍ አደረገች። እናታችን ጉንጯን ይዛ ከንፈሯን መጠጠች። አስቴር ቀጠለች፤ እናታችን በእጇ ጠየቀች፣ አስቴር መለሰች። የሁለቱ ፍጥነት የአንድ ቀን ልምድ አልነበረም። ከመጋዘን የምመለሰው ዜና ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ እኔ ይህን አይቼ አላውቅም።

ሪሞቱን አነሣሁ። «እማ፣ ድምፁ ትንሽ ነው፤ ከፍ ላድርግልሽ?» አልኳት በወላይትኛ።

ዓይኗን ከአስቴር እጅ ሳታነሣ፣ «ለማን?» አለችኝ። «አንተን ማታ ስትገባ ምን አሉ ብዬ ስጠይቅህ ‹ምንም አይደለም› ነው የምትለኝ። አሁን ዞር በልልኝ፣ እየነገረችኝ ነው።»