አንድ ስም የነበራቸው ሦስት ሰዎች

አገሬ ሳለሁ አስተማሪ ነበርኩ፤ ሐርጌሳ ስመጣ ሴራሚክ አንጣፊ ሆንኩ። ብዙም ቅር አላለኝም። ሴራሚክ ውሃ ልኩን ከጠበቅክለት አርፎ ይቀመጣል፤ ተማሪ አርፎ ተቀምጦልኝ አያውቅም። አንድ ቀን 31 ሜይ ሰፈር፣ አንድ ቢሮ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንበርክኬ ስሠራ፣ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ በጠራ አማርኛ "ወንድሜ፣ እንግሊዝኛ መጻፍ ትችላለህ አሉ፤ እውነት ነው?" አለችኝ። የዚሁ አገር ሰው ናት፤ ግን ያደገችውም የተማረችውም ድሬዳዋ ነው። ቢሮው በጦርነት መሀል በሰላማዊ ሰዎች ላይ የሚደርሰውን በደል ይመዘግባል። ከኛ አገር ሸሽተው የሚመጡትን ሰዎች ቃል ተቀብሎ የሚተረጉም ቸግሯቸዋል። "የቸገረው እርጉዝ ያገባል" አልኳት፤ ሳቀች። በሳምንቱ የሰብአዊ መብት ሠራተኛ ሆንኩ፤ ጥፍሬ ውስጥ ያለው ሲሚንቶ ገና አልለቀቀም ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሥራውን ወድጄው ነበር። ሰው ያየውን ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ የት፣ መቼ፣ ማን። የተጻፈ ነገር ሰው የሚያድን ይመስለኝ ነበር። ያቺ በሩ ላይ ያናገረችኝ ሴት፣ አሁን የሥራ ባልደረባዬ፣ እንደኔ የዋህ አይደለችም። "ይህ ከተማ በአውሮፕላን ሲደበደብ እናቴ እኔን አርግዛ በእግሯ ነው የወጣችው" ብላኛለች። "አጎቶቼ የት እንደወደቁ እስከዛሬ አናውቅም። የጻፈልን አልነበረም፣ ወላሂ። ቢያንስ ይጻፍ።"

እኔ የምኖረው ሼክ ኑር ሰፈር፣ ከአገሬ ልጆች ጋር በአንድ ግቢ ነው። ከግድግዳዬ ወዲያ ያለው ክፍል የእትዬ ነው። እትዬ የምላቸው በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ነው፤ ጋአን ሊባህ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ያጸዳሉ። አንድ ልጅ አላቸው፤ እናታቸው ጋ ትተውት የመጡት፣ አሁን አድጎ ገበሬ የሆነ። ጦርነቱ አገራቸው ከገባ ወዲህ ስልኩ ተቋርጧል። ከሥራ ሲመለሱ ጫማቸውን ሳያወልቁ በሬን ያንኳኳሉ። "መምህር፣ መስመሩ ተከፈተ?" ይሉኛል። የኔም መልስ አንድ ነው፤ ገና ነው።

የሰፈራቸው ቄስ ማን እንደሆኑ ከእትዬ ጠይቄ፣ ከስልክ ቁጥሬ ጋር በመንገደኛ መልእክት ላክሁላቸው፤ "የተገደሉ ሰዎች ካሉ ስማቸውን ይላኩልኝ፣ እዚህ የሚመዘግብ ቢሮ አለ" አልኳቸው። ብዙ ቆይቶ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። ቄሱ መስመር ወዳለበት ከተማ በእግራቸው ወጥተው የአንድ ደብተር ገጽ ፎቶ ልከውልኛል። ከገበያ ሲመለሱ የታጠቁ ሰዎች የገደሏቸው ናቸው ይላል ከላይ፤ ከሥር ስም ተደርድሯል። ማስረጃ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ያ ደስታ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ቁጭ ብዬ ሳነበው ግን ጉድለቱ ታየኝ። ስሞቹ ሁሉ የክርስትና ስም ናቸው። በኛ ዘንድ ሰው ሁለት ስም አለው፤ አንዱ መታወቂያ ላይ የሚጻፈው፣ ሌላው ሲጠመቅ የወጣለት። ሲሞት ፍትሐት የሚደረግለት በሁለተኛው ነው። ቄሱ የጻፉት ለጸሎት በሚጽፉበት ደንብ ነው፤ የአባት ስም የለ፣ ዕድሜ የለ። ጥፋቱ የሳቸው አይደለም። "የሟቾችን ስም ላኩልኝ" የተባለ ቄስ ሌላ ምን ይጽፋል? እኔ የዲያቆን ልጅ ሆኜ "የመታወቂያ ስማቸውን" ማለት እንዴት ይጠፋኛል! መልሼ ደወልኩ። ስልኩ ተዘግቷል፤ ቄሱ ወደ ሰፈራቸው ተመልሰዋል።

ከዝርዝሩ ውስጥ ደግሞ አንዱ ስም ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ይህ ብርቅ አይደለም። አንድ ደብር አጠገብ የተወለዱ ልጆች በታቦቱ ስም ይጠመቃሉ፤ የመንደሩ ወንድ እኩሌታው አንድ የክርስትና ስም ሊኖረው ይችላል። ለባልደረባዬ ይህን ሳስረዳት ወዲያው ገባት። ዝርዝሩን ግን የሚያጸድቁት ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ናቸው። መልሳቸው በሁለተኛው ቀን መጣ። ሙሉ ስም ስለሌለ ዝርዝሩ አልተረጋገጠም፤ ሦስቱ ተመሳሳይ መስመሮች ዱፕሊኬት ስለሆኑ ሁለቱ ይሰረዙ ይላል።

ደሜ ፈላ። "ዱፕሊኬት አይደለም፣ ሦስት ሬሳ ነው!" ብዬ ጮህኩ፤ የምጮኸው በባልደረባዬ ላይ ነበር፣ ምን ባደረገች። ስለ ጥምቀት፣ ስለ ታቦት፣ ስለ ፍትሐት ሁለት ገጽ ኢሜይል ጻፍኩላቸው። አመሰገኑኝ። ከቤተሰብ አንድ ሰው "ይህ የኔ ነው" ብሎ የሟቹን ሙሉ ስም ሰጥቶ ከፈረመ፣ የቄሱን ዝርዝር እናምናለን፤ ሦስቱም ይመለሳሉ አሉ።

ሐርጌሳ ውስጥ ከዚያ መንደር የመጣ ሰው ከእትዬ በቀር አላውቅም። የልጃቸውን የክርስትና ስም ደግሞ አላውቅም፤ ለጎረቤት የሚነገር ነገር አይደለም። እስከዚያች ቀን ዝርዝሩን ደብቄያቸዋለሁ። መርዶ አንድ ሰው ብቻውን በማታ አይናገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው። ስለዚህ ከግቢያችን ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይዤ አርብ ጠዋት፣ ሥራ በማይገቡበት ቀን፣ በራቸውን አንኳኳሁ።

ልብስ እያጠቡ ነበር። ሦስታችንን አንድ ላይ ሲያዩ አረፋው ከእጃቸው ሳይወርድ ተነሡ። በዚያ ሰዓት ሦስት ሰው ለደግ እንደማይመጣ ያውቃሉ።

"ማነው?" አሉ። "ልጄ ነው?"

"አናውቅም" አልኳቸው።

"አናውቅም" የሚባል መርዶ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። አብረውኝ ከመጡት አንዱ አፈሩ፣ አንዱ መሬት መሬት አዩ። ነገሩን አስረዳሁ። የልጃቸውን የክርስትና ስም ጠየቅኋቸው፤ ነገሩኝ። ያው ነው፤ ሦስት ጊዜ የተጻፈው።

እትዬ መጀመሪያ አላለቀሱም፤ መከራከር ያዙ። "ይህ ስም እኮ ብዙ ነው" አሉ። "የወንድሜም ልጅ ነው፣ የጎረቤታችንም ነው። ገበያ ደግሞ አይወድም፤ ሁልጊዜ እናቴን ነው የሚልክ።" እኔም አዎ፣ ብዙ ነው፣ አልኩ። ከዚያ፣ እንዴት እንዳወጣሁት እንጃ፣ ስለ ፊርማው ነገርኳቸው።

"ብፈርም ምን ይሆናል?"

"ይመዘገባሉ። ሦስቱም።"

"ከተመዘገቡ በኋላስ?"

"ሪፖርት ይወጣል።"

"ከዚያስ፣ መምህር?"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት የኔ ሥራ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

"ልጄ በሕይወት ቢኖርስ?" አሉ ቀጥለው። "እናቱ ሞቷል ብላ ፈርማበት? በእጄ ልቅበረው?"

"አይፈርሙ" አልኩ።

"ካልፈረምኩስ?"

"ሁለቱ ይሰረዛሉ። አንድ ይቀራል።"

እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። "የሚቀረው የማን ልጅ ነው?" ብለው ሲጠይቁኝ ግን እኔ ቀድሜ አለቀስኩ፤ ሊያስተዛዝን የመጣ ሰው። አልፈረሙም። ባልደረባዬ ከሰዓት በኋላ መጥታ አጠገባቸው ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። እጃቸውን ይዛ እስኪመሽ ቆየች። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ሁለቱን መስመር የሰረዝኳቸው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዲሰርዛቸው አልፈለግሁም፤ ይህ እንደ ምክንያት ይቆጠር እንደሆነ አላውቅም።

የቄሱ ስልክ እስካሁን ዝግ ነው። እትዬ ሥራቸውን አልተዉም፤ ለሕያው ልጅ ለቅሶ መቀመጥ ሟርት ነው፣ ለሞተ ልጅ አለማልቀስም ነውር ነው። መስመሩ ተከፈተ ወይ ብለው መጠየቅ ግን ትተዋል። ባለፈው ሳምንት በሬ ላይ መጥተው አዲስ ጥቁር ቀሚስ አሳዩኝ፤ የዋጋ ወረቀቱ ገና አልተቆረጠም።

"መምህር፣ አንተ የተማርክ ነህ" አሉኝ። "ልልበሰው ወይስ አልልበሰው?"

"እስቲ ትንሽ ይቆዩ" አልኳቸው።

አጥፈው ይዘውት ሄዱ። እየቆዩ ነው።