ጋሼ ሰይድና ሐምራዊው አበባ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው በጋ ነው። ሳስታውሰው መጀመሪያ ጭንቅ ይለኛል፤ ከዚያ ሳቄ ይመጣል።

የምኖረው ሜልቦርን፣ ታርኔት የሚባል ሰፈር ነው። ቅዳሜ ሺፍት ከሌለኝ የሰፈራችንን ሐይቅ ከሚቃኙ በጎ ፈቃደኞች ጋር እወጣለሁ። ሥራችን ዳር ዳሩን እየዞርን መጤ አረም መፈለግ፣ ካገኘን ፎቶ አንስተን መላክ ነው። መሪያችን ማርጋሬት የምትባል ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት።

አንድ ጠዋት ቄጠማው መሃል ሐምራዊ አበባ አየሁና "እምቦጭ!" ብዬ ጮህኩ። ማርጋሬት እባብ ያየሁ መስሏት ወደ ኋላ ዘለለች። ጣናን የወረረው አረም መሆኑን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። እዚህም በሕግ የተከለከለ ነው።

ባለሙያዎች መጥተው ነቀሉት። እኛ ደግሞ ከየት እንደመጣ ለማወቅ በአካባቢው ያሉትን ቤቶች ማንኳኳት ጀመርን።

ሦስተኛውን በር የከፈቱት የማውቃቸው የወሎ ሰው፣ ጋሼ ሰይድ ነበሩ። የመጣንበትን ሳንነግራቸው "ኑ፣ አበባዬን ላሳያችሁ" ብለው ወደ ጓሮ ወሰዱን። አንድ ገንዳ ሙሉ እምቦጭ!

"ሲያምር አየሽ? ሰው ሰጥቶኝ ነው። ሲበዛብኝ መጣሉ አሳዘነኝና ሐይቁ ላይ ለቀቅኩት" አሉኝ በአማርኛ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የጣናው እምቦጭ ነው።"

ክው ብለው ቀሩ። "ያ በቴሌቪዥን ባየሁት ቁጥር የምረግመው?"

ማርጋሬት "ምን እያሉ ነው? ሐይቁ ውስጥ የገባው ከዚህ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ጋሼ ሰይድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ የሐይቁን አትንገሪያት። በዚህ ዕድሜዬ ፍርድ ቤት እንዳልቆም" አሉኝ።

አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው። መዋሸትም አልፈለግኩም፣ እሳቸውን ማሳጣትም። አንዴ ማርጋሬትን፣ አንዴ እሳቸውን አየሁ።

ጋሼ ሰይድ ፊቴን አዩት። ከዚያ ከገንዳው አንድ እፍኝ እምቦጭ አወጡና ደረታቸውን እየመቱ በተሰባበረ እንግሊዝኛ "ሚ! ሌክ! ሚ!" አሏት፤ ሐይቁ ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ ለማለት። ወደ እኔ ዞረውም "አንቺንማ ውሸታም አላደርግሽም" አሉ።

ማርጋሬት እርጥብ እጃቸውን ጨበጠች። "የጣሉበትን ቦታ ያሳዩን፤ ከሁሉ የሚጠቅመን እሱ ነው" አለች። የሚመለከተው ክፍልም ራሳቸው ስለተናገሩ አልቀጣቸውም፤ ገንዳውን አጽድቶላቸው ሄደ።

አሁን ቅዳሜ ከሁላችን ቀድመው የሚገኙት እሳቸው ናቸው። በቀደም ሐምራዊ ፌስታል አይተው ከነጫማቸው ውሃ ውስጥ ገቡ። እየሳቅን ጎትተን አወጣናቸው።

እኔ ግን እሳቸው ባይናገሩ ኖሮ ምን እል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ጭንቅ ስላወጡኝ ባየኋቸው ቁጥር በልቤ አመሰግናቸዋለሁ።