የጋለ ሽቦና የልደት ስም

ሩፊና በኢሎይሎ ከተማ ገበያ ጥግ፣ የፎም ፊደል ቆራጩ ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ተገትራ ትበሳጫለች። የሴት ልጇ ዐሥራ ስምንተኛ ልደት ዛሬ ማታ ነው፤ መድረኩ ላይ የሚሰቀለው ስሟ ግን ገና አላለቀም። ሽማግሌው ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ፎሙን የሚቆርጡበትን የጋለ ሽቦ በእርሳስ መታ እያደረጉ ያዳምጡታል።

«ማኖንግ፣ ጊታር ነው እንዴ የሚቃኙት?» አለች፣ ታላቅን በሚያከብሩበት አጠራር።

«ሽቦ ሲግል ይረዝማል፤ ሲረዝም ይረግባል። የረገበ ሽቦ ደግሞ የፊደሉን ሆድ ይነፋዋል። ስለዚህ ጫፉን በስፕሪንግ እወጥረዋለሁ። ተራው ሽቦ ግሎ ሲወጠር ይበጠሳል፤ ይሄኛው ግን ጠንካራ ነው፣ ይችለዋል።»

«እኔ ግን አልቻልኩም፤ ልበጠስ ነው።»

«መልካም ልደት» የሚለውን በወረቀት ንድፍ እየተመሩ ነበር የቆረጡት። «ሉዋልሃቲ» የሚለውን የልጅቷን ስም ግን ያለ ንድፍ፣ እጃቸው ሳያመነታ አወጡት።

ሩፊና ገረማት። «ብዙ ሰው የማይጠራበት ስም ነው። ቆርጠውት ያውቃሉ?»

«በየዓመቱ፣ ለእኔዋ ሉዋልሃቲ ልደት። እሷ ግን ልትወስደው መጥታ አታውቅም።»

ሽቦውን አጥፍተው ፊደሎቹን አስታቀፏት። «ሂጂ እንግዲህ ልጄ፤ ትቸኩይ አልነበር?»

ቀኑን ሙሉ ስትቸኩል የዋለችው ሩፊና ከደጃፉ መነሳት አቃታት።