የሌላ እንስሳ ቀለብ

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ውስጥ «ይሄ ለምን ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቀው ገዢ ነው። ሻጭ አይጠይቅም። ሻጭ መልሱን አዘጋጅቶ ነው የሚቀመጠው፤ «ይገጥማል» ይላል። የልብስ ማጠቢያ ሞተር ለበርበሬ ወፍጮ ይገጥማል። የፍሪጅ በር ለሱቅ ጠረጴዛ ይገጥማል። እምቢ ካለ ይቆረጣል፣ በመዶሻ ይመታል፣ ይበየዳል፣ ከዚያ ይገጥማል። እኔ ዕድሜዬን የበላሁት በዚህ ነው፤ አላፍርበትም። ፈረንጅ ለአንድ ነገር ብሎ የሠራውን ለሌላ ነገር እያደረግን ስንት ቤት አቁመናል።

ጥንቸሏም የመጣችው ከአሮጌ ብረት ጋር ነው። አንድ ቁራሌው የወፍ ቤት የመሰለ የሽቦ ሳጥን አምጥቶ ሸጠልኝ። ከፍቼ ሳይ ውስጡ ነጭ ጥንቸል ተኮራምታለች።

«ይሄስ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እሷ ምርቃት ናት» ብሎ ጆንያውን አንጠልጥሎ ሄደ።

ጥንቸል እዚህ አገር አይበላም። ክርስቲያኑም ይጸየፈዋል፣ የእኔ ጎረቤት እስላሙም ይጸየፈዋል። ሽቦውን ለብቻ ሸጥኩትና እሷን በካርቶን ይዤ ወደ ተክለ ሃይማኖት ወደ ቤቴ ሄድኩ። ልጅ አልወለድንም። ስለዚህ ነገር የምጽፈው ይሄን ብቻ ነው። ባለቤቴ ካርቶኑን ከፍታ አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፤ «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ገና ደህና ዕቃ ይዘህ ገባህ» አለች።

የባለቤቴ በሽታ የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ሆዷ ላይ ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጻፈና «ዋናው ነገር ትብላ። ካልበላች መድኃኒቱን አትችለውም» አለኝ። ቀላል ነገር የነገረኝ መስሎት ነው። ምግብ ስታይ ፊቷን የምታዞር ሴት እንዴት ነው የምትበላው? ሥጋ ገዛሁ፣ ሾርባ አሠራሁ፣ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ። ምንም።

ያበላቻት ጥንቸሏ ናት። ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጥቅል ጎመን ትልጣለች። ቅጠሉን ለጥንቸሏ ትሰጣለች፣ ጥንቸሏ ስታኝክ አፏን ታያለች፣ ከዚያ ሳታስበው ግንዱን ጨው አስነክታ ራሷ መቆርጠም ትጀምራለች። ከግንዱ ወደ እንጀራ፣ ከእንጀራ ወደ ሾርባ አለፈች። «እሷ ካልበላች እኔም አልበላም» ትለኝ ነበር። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ኋላ የቤታችን ሕግ ሆነ። ጥንቸሏ ስትበላ ሚስቴ ትበላለች፤ ሚስቴ ስትበላ መድኃኒቱ ይወሰዳል። እኔም ሌላ ጸሎት አልነበረኝም፤ ይህች በምርቃት የመጣች ፍጥረት አፏ ሥራ እንዳይፈታ ብቻ።

ቀለቧ ሳር ነበር። ከከተማው ዳር ሳር ተሸክማ የምትመጣ አንዲት ሴት ነበረች፤ እርጥቡንም ድርቆሹንም ከእሷ እንገዛለን። ከዚያ የሰፈራችንን መንገድ ለቧንቧ ቆፈሩት። ከዳር እስከ ዳር ጉድጓድ ሆነ፤ ዝናብ ሲጨመርበት ጭቃው ሰው ይውጣል። ሳር ሻጯ ቀረች። ቤት ያለው ድርቆሽ ወደ ማለቁ ደረሰ፤ ጎመን ብቻውን ደግሞ የጥንቸሏን ሆድ ነፋው።

ይሄን ለጎረቤቴ አጫወትኩት። ጎረቤቴ ከእኔ ሱቅ ቀጥሎ፣ አገራቸው ከሚመለሱ ፈረንጆች ቤት የወጣ ዕቃ የሚነግድ ሰው ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ይሄን የምጽፈው ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ስለነበር ነው። በማግስቱ ትልቅ ከረጢት ተሸክሞ ቤቴ መጣ። ከረጢቱ ላይ አንድ እንስሳ ተሥሏል፤ ድቡልቡል፣ ጅራት የሌለው፣ ጆሮው አጭር።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ ያስቆጠረችኝም ባለቤቴ ናት። የፈረንጁን ፊደል ግን አላውቀውም። እሷ ከረጢቱን ጭኗ ላይ አድርጋ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

«ጊኒ ፒግ ይላል።»

«አስተግፊሩላህ!» አለ ጎረቤቴ፤ «ፒግ አሳማ አይደለም እንዴ? አሳማ ቀለብ ነው ተሸክሜ የመጣሁት?»

«አሳማ አይደለም፣ ሥዕሉን እያየኸው» አለች እየሳቀች። «ግን ጥንቸልም አይደለም። ለጥንቸል ይሆናል ወይ?»

«እትዬ፣ ከጥንቸል በምን ይለያል? ጆሮውን ሳብ ያድርጉት፣ አለቀ! ይገጥማል።»

እኔም ሳቅሁ። ሦስታችን ሳቅን። ሕይወታችንን ሙሉ ስንለው የኖርነው ቃል ነው፤ ለምን ያስደነግጠናል? ከሦስታችን በደንብ የጠየቀችው እሷ ብቻ ነበረች፣ ጥያቄዋም እዚያው ሳቅ ውስጥ ቀረ።

ከረጢቱ ሲከፈት መልኩ ያስጎመጃል። አረንጓዴ፣ እንደ ዶሮ መኖ የተጨመቀ ፍርፋሪ አለበት፤ ከእሱ ጋር በቆሎ፣ አተር፣ የሱፍ ፍሬ፣ ሌላም ስሙን የማላውቀው ባለቀለም ነገር ተደባልቋል። ጥንቸሏ አበደችለት። በቆሎውን ትለቅማለች፣ ሱፉን ትለቅማለች፣ አረንጓዴውን ትተወዋለች። የቀረችውን ድርቆሽማ ዞራም አላየቻት።

«እያት፣ እያት! እንደ ሰርግ ቤት እንግዳ ትመርጣለች» ትላለች ባለቤቴ። ጥንቸሏ በፍቅር ስለምትበላ እሷም በላች። እነዚያን ሳምንታት አሁንም አስባቸዋለሁ። ከሥራ ስገባ ሽንኩርት ስትከትፍ አገኛት ነበር። ጥንቸሏ ወፈረች፣ የባለቤቴም ጉንጭ ትንሽ ሞላ። ጎረቤቴ «ዱዓ እንጂ ምርቃት አላውቅም» ቢለኝም በየቀኑ መረቅሁት።

ከዚያ ጥንቸሏ አንድ ጠዋት ጥግ ይዛ ቁጭ አለች። በጠጧ መጀመሪያ እንደ ቁንዶ በርበሬ ፍሬ አነሰ፣ ቀጥሎ ጨርሶ ቆመ። ሆዷን ስነካው እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ባለቤቴ በቆሎ አቀረበችላት፣ ጎመን አቀረበችላት፤ አልነካችም። ባለቤቴም የራሷን ሳህን ወደ ጎን ገፋችው።

ጥንቸሏን በካርቶን አድርጌ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኳት። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ካርቶኑን ገልጦ «ጋሼ፣ ጆሮዋ ወንበር ይዟል፣ ትጠጋ» አለ፤ ተሳፋሪው ሳቀ። ሐኪም ቤቱም ስደርስ በግ ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ ሰውዬ «የማይበላ ነገር ታሳክማለህ?» አለኝ። «አንተ የምትበላውን ታሳክማለህ፣ እኔ የምታበላልኝን» አልኩት። ምን እንዳልኩት አልገባውም።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የጥንቸሏን ሆድ ዳሰሰች፣ አዳመጠች፣ ምን እንደምናበላት ጠየቀች። ከከረጢቱ እፍኝ ይዤ ነበርና አሳየኋት።

«መርዝ ነው?» አልኩ።

«መርዝ አይደለም ጋሼ። ሌላ ሲጠፋ ለአንድ ሁለት ቀን ብትቀምሰው ምንም አትሆንም ነበር። ግን ለሌላ እንስሳ የተሠራ ነው። ጊኒ ፒግ እንደ እኛ ሰውነቱ ቫይታሚን ሲ አይሠራለትም፣ ስለዚህ ቀለቡ ላይ ይጨመርለታል። ጥንቸል ግን ራሷ ትሠራዋለች፣ ጭማሪ አትፈልግም። እሷን የጎዳት ደግሞ በቆሎውና ፍሬው ነው፤ ይጣፍጣታል፣ ያጠግባታል፣ ሳሩን ያስተዋታል። ጥንቸል ቀኑን ሙሉ ሳር ካላኘከች አንጀቷ ይቆማል።»

«ከቆመስ?»

መርፌውን እያዘጋጀች ነበር፤ ቀና አላለችም። «ቀደም ብለው ቢያመጧት ጥሩ ነበር» አለች። ሐኪሞች ሁሉ ይሄን ዓረፍተ ነገር የሚማሩት አንድ ትምህርት ቤት ሳይሆን አይቀርም።

መርፌ ተወግታ መልስ ላይ፣ እህል በረንዳ ጋ ስደርስ ካርቶኑ ጸጥ አለ። ገልጬ አየሁና መልሼ ዘጋሁት። የጤፍ ጆንያ የሚያወርዱ ሰዎች «ዘወር በል አባት!» እያሉ ይጮኹብኛል፤ እኔ መሀል መንገድ ቆሜ የማስበው ስለ ጥንቸሏ አልነበረም። የተገፋውን ሳህን ነበር።

መርካቶ ውስጥ የሚቆፈር አፈር የለም፣ ሁሉም ድንጋይና ሲሚንቶ ነው። ለቧንቧ የቆፈሩት ጉድጓድ ግን ነበር። ካርቶኑን እዚያ ውስጥ ከተትኩና ጭቃ መለስኩበት። ከዚያ የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። ዶሮ ተራ ሄጄ እሷን የምታህል፣ እሷን የመሰለች ነጭ ጥንቸል ገዛሁ።

ባለቤቴ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ጀርባዋን ዳበሰች፣ ጆሮዋን ዳበሰች፤ የእኛዪቱ ጆሮ ላይ ሽቦው የቀደደው ቦታ ነበር። ጣቷ እዚያ ሲደርስ ቅዱን አጥቶ ቆመ።

«የት ቀበርካት?» አለችኝ።

«መንገዱ ውስጥ።»

ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችኝም፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጎመኑን አንስታ ቅጠሉን ለአዲሷ ሰጠቻት፣ አዲሷም በላች። ግንዱን ግን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው። «ለዚህችኛዋ ሳር ፈልግላት» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የበላችው ለእኔ ብላ ነው፤ ሁለት ጉርሻ፣ ሦስት ጉርሻ፣ እንደ ይሉኝታ። መስቀል ሳይደርስ ሞተች። ጥንቸል ገደላት አልልም፤ በሽታዋ በሽታ ነበር። የምለው፣ የምትበላበት አንድ ምክንያት ነበራት፣ እሱንም በከረጢት ሙሉ ደግነት ቀበርነው።

ለቅሶ ቤት ጎረቤቴ ከእኔ በላይ አለቀሰ። ሰልስቱ ሲያልፍ አጠገቤ ተቀምጦ «ወንድሜ፣ ብቻህን አትችለውም። ሌላ ማግባት ነው» አለኝ።

«ከየትኛው ተራ ልግዛት?» አልኩት። ተነሥቶ ወጣ። አሁንም ሱቃችን ጎን ለጎን ነው፤ ሰላምታ አለን፣ ሳቅ የለንም።

መንገዱ አስፋልት ለብሷል። ሳር ሻጯ ተመልሳ መጥታለች፣ ሸክሟን አውርዳ ላቧን የምትጠርገውም ካርቶኑ ካለበት ብዙ ሳትርቅ ነው። በየጠዋቱ ከእሷ እገዛለሁ። ያቺ ከዶሮ ተራ የመጣችው ጥንቸል አለች፣ ደህና ናት። አልወዳትም። ግን ሳሯ አያልቅባትም፣ ማታ ማታም ጎመን እልጥላታለሁ። ቅጠሉን ትበላለች። ግንዱን ጨው አስነክቼ እኔ እቆረጥመዋለሁ። ጠንካራ ነው፣ ጥርሴም ደህና አይደለም፤ እስክጨርሰው እሷ ተኝታለች።