ለአሥር ጣት የተገጠመ ኮምፒውተር

የአክስቴ ባል በየቀኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የመስኮቱን ብረት ይነካል። መዳፉን ዘርግቶ ያሳርፍበትና ትንሽ ይቆያል፤ ካቻቢቴውን የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ የማይታይ ኤሌክትሪክ ተሸክሞ ነው የሚዞረው ይላል፤ ሹራቡ፣ ምንጣፉ፣ የወንበሩ ጨርቅ ያወርሱታል። ለሰው ምንም አይደለም፤ ለኮምፒውተር ዕቃ ግን አንዲት ንክኪ ትበቃዋለች። ደንበኛ ከጨበጠ በኋላም ተመልሶ ብረቱን ይነካል። የማያውቁት ሰዎች እጃቸውን የተጸየፈ መስሏቸው ቅር ይላቸዋል፤ የባሰባቸው ደግሞ ስለት አለበት ብለው ያወራሉ።

ሰፈሩ ጋሽ ብሎን ይለዋል። ሲሠራ ብሎኖቹን በከንፈሩ ስለሚይዝ ነው። በዚያ ሰዓት ያናገረው ሰው መልሱን የሚያገኘው በአፍንጫው በኩል ነው፤ አንድ ጊዜ "እም" ካለ እሺ ማለቱ ነው፣ ሁለት ጊዜ ካለ እምቢ ማለቱ ነው፣ ዝም ካለ ደግሞ ብሎን እንዳይውጥ ፈርቶ ነው። የሚሠራባት ክፍል ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ያለች፣ ድሮ መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥባት የነበረች ጠባብ ቤት ናት። ሰው ደረጃውን በወጣና በወረደ ቁጥር ጣሪያዋ ይንኳኳል። መደርደሪያው ላይ የሞቱ ኮምፒውተሮች ሆዳቸው ተከፍቶ ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ከአንዱ ልብ፣ ከሌላው ሳንባ ወስዶ ሦስተኛውን ያስነሳል። መጀመሪያ ራዲዮ ጠጋኝ ነበር። ኮምፒውተርን ማንም አላስተማረውም፤ ፈትቶ፣ ገጥሞ፣ የተረፈውን ብሎን እያየ "ይሄ ከየት ነበር?" ብሎ እየተጨነቀ ነው የለመደው።

አክስቴ ደግሞ ታይፒስት ነበረች። ዕድሜዋን የፈጀችው ፍርድ ቤት ውስጥ፣ ከዳኛው መቀመጫ ዝቅ ብላ በተቀመጠች አነስተኛ ጠረጴዛ ላይ ነው። ተከሳሹ ሲያለቅስ፣ ጠበቃው ሲጮህ፣ ምስክሩ ሲዋሽ እሷ ሁሉንም ፊቷ ሳይለወጥ ትመታው ነበር። ጠበቆቹ፣ ገና ያልተናገርነውን ጻፍሽብን እያሉ ይቀልዱባት እንደነበር ዛሬም ስታወራ ፈገግ ትላለች። ከዚያ ዓይኗ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ መጣ። ሐኪሞቹ የሄደውን መመለስ አይቻልም አሏት፤ የቀረውም ብዙ ሳይቆይ ተከትሎ ሄደ። ዛሬ ብርሃንና ጨለማን ትለያለች፤ ከዚያ በላይ አታይም።

ሥራዋን ከለቀቀች ወዲህ ጋሼ እጅና እግር ሆነላት። ሻይዋን ያማስልላታል፣ የጫማዋን ማሰሪያ ያስርላታል፣ ወንበር ልትይዝ እጇን ስትዘረጋ ወንበሩን ወደ እጇ ያመጣዋል። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ትቆጣው ነበር። ደግ ስለሆነ ግን ታመሰግነዋለች፤ እያመሰገነች፣ እያመሰገነች ንግግሯ አጠረ። ሄጄ ስጠይቃት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ አገኛታለሁ፤ አሥሩም ጣቶቿ ጭኗ ላይ ተኝተው፣ ሥራ እንደፈታ ሰው ዝም ብለው።

አንድ ቀን አብራት ትሠራ የነበረች ጓደኛዋ ደወለች። በድምፅ የተቀዱ ስብሰባዎችንና ክርክሮችን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ ቢሮ ከፍታለች። እየሰሙ መጻፍ ዓይን አይጠይቅም፤ አክስቴ ቤቷ ተቀምጣ ልትሠራው ትችላለች። ለሙከራ አንድ ቅጂ እንደምትልክላት፣ በሳምንቱ መጨረሻ ጥርት ብሎ ካልደረሳት ግን ቦታውን ለሌላ ሰው እንደምትሰጥ ነገረቻት። ለአንቺ ብዬ ደረጃውን ዝቅ አላደርግም ማለቷ ነው አክስቴን ከሁሉ በላይ ደስ ያሰኛት። የሚታዘንላት ሴት ሆና መኖር መሯት ነበርና ከዚህ ሌላ መውጫ በር አልታያትም።

ለሥራው የሚሆናትን ኮምፒውተር ጋሼ ከሞቱት ቆርጦ አልቀጠለላትም። ሁሉንም አዲስ ዕቃ አመጣና የቤታቸው የምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ እሷን አጠገቡ አስቀምጦ መግጠም ጀመረ። እያንዳንዱን ዕቃ መጀመሪያ እጇ ላይ ያኖርላታል። ማዘርቦርዱን ሲሰጣት ጠርዙን በጣቷ ዞረችው፤ ሌላው ዕቃ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚሰካው፣ የሁሉም እናት ናት አላት።

"አባቱስ የታል?" አለችው።

"አባቱ ኤሌክትሪክ የሚመግበው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ከጀርባ ተቀምጦ ሲያጉረመርም ብቻ ነው የሚሰማው።"

ያን ቀን ብዙ ሳቁ። ፕሮሰሰሩን፣ የማሽኑን አንጎል፣ ቦታው ላይ ሲያሳርፍ ትንፋሹን ዋጠ፤ እሷም አብራው ዋጠች። ምስር የምታህል ቅባት ጠብ አደረገበት፤ ማቀዝቀዣውን ከላይ አሰረ። ማራገቢያውን ሲመርጥ ትልቁንና ቀስ ብሎ የሚዞረውን ነው የወሰደው፤ ጆሮዋ ለሥራ ስለሚያስፈልግ ማሽኑ እንዳይረብሻት ብሎ። እሷን ሳያስነካ ብቻውን የመረጠው ኪቦርዱን ነው። ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ሲጫኑት ድምፅ የማያሰማ፣ ትራስ የሚመስል ነገር ነበር። ሥራ ቤቱ አሳድሮት በማግሥቱ ጠዋት አመጣው።

ሁሉም ነገር ተሰካክቶ መብራቱ ሲበራ አክስቴ ወንበሯን አስጠጋች። ማዳመጫውን አጠለቀች፣ እጆቿን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈች። ከሞኒተሩ ላይ እንዳነብላት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጣቶቿ እንደ ድሮው ሮጡ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ግን ቃል አልነበረም፤ ፊደል ብቻ፣ ተቀላቅሎ የፈሰሰ። አንብቢው እንጂ አለችኝ። ቃል አይሆንም አልኳት። አጠፋችውና እንደገና ጻፈች። እንደገናም ያው ሆነ። በሦስተኛው ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"እጄም ዓይኔን ተከትሎ ሄደ ማለት ነው" አለች፣ ለማንም ያልሆነ በሚመስል ድምፅ።

ጋሼ ያን ጊዜ ያደረገው የሚያውቀውን ነው። የኮምፒውተሩን ሆድ ከፈተ። ሚሞሪ ጨመረ፣ ገመዶቹን አወጣና መልሶ ሰካ፣ ጤነኛውን ማራገቢያ አራገፈ። ችግሩ ማሽኑ ውስጥ ቢሆን ኖሮ እስኪገኝ ድረስ አይተኛም ነበር። እሷ ግን ወደ መስኮቷ ተመልሳ ነበር። ጓደኛዋ ስትደውል አልቻልኩም ብለህ ንገራት አለችው፤ እሱ ደግሞ ስልኩን አንስቶ፣ ትንሽ ቀን ስጪን ብሎ ለመነላት። የጋሼ ደግነት ከባድ ሸክም ነበር፤ ሁለቱም ከሥሩ ሆነው ይታዩኝ ነበር።

ነገሩን ያዞረው የራሱ አጻጻፍ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ለደንበኛ የሚላክ መልእክት በዚያው ኮምፒውተር ይጽፍ ጀመር። ጋሼ የሚጽፈው ድምፅ የሌለው ኪቦርድ እንኳ እስኪንኳኳ ድረስ በሁለት አመልካች ጣቶቹ እየወቀረ ነው፤ አንዷን ፊደል ፈልጎ እስኪያገኝ ሌላዋን ይረሳል። አክስቴ ከመስኮቱ አጠገብ ጆሮዋን ጣለች። ዶሮ ጥሬ ስትለቅም ይመስላል ብላ መሳቅ ጀመረች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ።

"አንተ ሰውዬ፣ ኪቦርዱን ማን መረጠው?"

"እኔ ነኛ።"

"በስንት ጣትህ?"

መልሱን አልጠበቀችም፤ ጫማዋን ፈለገች፣ ማሰሪያውንም ራሷ አሰረች። ትንሽ ተጣሟል፤ ጋሼ አይቶ እንዳለ ተወው።

ሱቁ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በሚሸጥበት መንገድ ላይ ነው፤ ከእያንዳንዱ በር ሌላ ሙዚቃ ይወጣል፤ እሷ በአንድ እጇ የጋሼን፣ በሌላው የእኔን ክርን ይዛ ሄድን። ሻጯ ማስቲካ የምታኝክ ወጣት ነበረች። ጋሼን ተመልክታ፣ ለእሳቸው ምን ዓይነት ይሻላቸዋል ብላ ጠየቀችው።

"እኔን ጠይቂኝ የኔ ልጅ" አለች አክስቴ። "የጠፋው ዓይኔ ነው፤ አፌ አለ።"

ልጅቷ ማስቲካዋን የዋጠችው ይመስለኛል። ያላትን ሁሉ እያወጣች ባንኮኒው ላይ ደረደረችላት። አክስቴ አንዱን ነካችና እንቅልፋም ነው አለች፤ እንደ ቤታችን ያለ፣ ከሥሩ ላስቲክ የተነጠፈለት ነበር። ሌላውን፣ ገና ሳልነካው ይጽፋል፣ ወሬኛ ነው ብላ ገፋችው። ሦስተኛው ወፍራምና ከባድ ነው፤ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የራሱ ስፕሪንግ አለው፤ ሲጫኑት መሐል ላይ ትንሽ ይቃወምና ጠቅ ብሎ ይለቃል። ደጋግማ ነካካችው። ይሄ ሲገባው ይናገራል አለች። ከዚያ ጣቶቿን ደርድራ ስታሳርፍ ሁለቱ አመልካች ጣቶቿ ባሉበት ቀሩ።

"እዚህ ላይ ትንሽ ጉብታ አለች። በዚህኛውም። ምንድን ናት?"

ሻጯ እሷማ በሁሉም ኪቦርድ ላይ አለች አለቻት፤ የሁለቱ ጣቶች ቤት ናት፤ ሳያዩ የሚጽፉ ሰዎች ቦታቸውን የሚያገኙት በእሷ ነው። አክስቴ ጉብታዋን እያሸች ቆየች። ፍርድ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ከገባ ጀምሮ በየቀኑ ጣቷ ያርፍባት ኖሯል፤ ዓይኗ ሲያግዛት ልብ ብላት አታውቅም። የእኛ ቤቱ ግን የለውም አለች። የሌለው የለም እኮ አለች ሻጯ፣ ግራ ተጋብታ። ጋሼ በዚያ ሰዓት ወደ ሌላው መደርደሪያ ዞሮ ስለማያስፈልገው ገመድ ርዝመት ይጠይቅ ጀመር።

ልጅቷ ከባዱን ኪቦርድ ከሱቁ ኮምፒውተር ጋር ሰካችላት። አክስቴ ቀና ብላ ጻፈች፤ የኪቦርዱ ድምፅ የመንገዱን ሙዚቃ ሁሉ አስረሳን። ሻጯ ጎንበስ ብላ ጮክ እያለች አነበበች፦ "ምስክሩ እውነቱን ሊናገር ከማለ በኋላ እንደሚከተለው አስረዳ።"

"ድገሚልኝ" አለች አክስቴ።

ደገመችላት።

የሙከራው ቅጂ የአንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ስለ ደረጃ መብራት የተጨቃጨቁበት ስብሰባ ነበር። አክስቴ ገዝተን የመጣነውን ከባዱን ኪቦርድ አስጠግታ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች፣ እኛ ወደ ጓዳ ተባረርን። የቁልፎቹ ድምፅ በግድግዳው በኩል ይመጣል፤ ጋሼ ጆሮውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ኮምፒውተሩን ሳይሆን እሷን ያዳምጥ ነበር። ጽሑፉ በቀጠሮው ተላከ። ጓደኛዋ ስትደውል አንድ ቅሬታ ብቻ ነበራት፦ የሊቀመንበሩን መንተባተብ ለምን አስቀረሽው? አዝኜለት ነው አለች አክስቴ። ሁለተኛ እንዳታዝኚ፤ የተባለው ሁሉ ይጻፋል አለቻትና ቀጣዩን ሥራ ላከችላት።

አሁን በቤቱ ውስጥ የሥራ ሰዓት አለ። አክስቴ ሥራ ላይ ነኝ ካለች ማንም አያናግራትም። ጋሼ ሻይ ያመጣላታል፤ ስታዝዘው ብቻ፣ ሳያማስል። ቀርቷል የተባለ አንዳንድ ነገር ግን አይቀርም፤ ወንበር ስትፈልግ እጁ ተነሥቶ፣ መሐል ላይ ትዝ ሲለው ሲመለስ አያለሁ።

ስለ እሱ ልጽፍ ነው ስለው ሳቀብኝ። ስለ ብሎን ምን ይጻፋል አለኝ። ከዚያ ግን ከከንፈሩ ላይ ያለችውን ብሎን አወጣና ሥራ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ነገረኝ፤ እሱን ብቻ ተይልኝ፣ እሷ አታውቅም፣ ዝም አይነቅዝም አለ። እኔም እሺ ብዬው ነበር። በሌላ ቀን አክስቴ ስለ ምን እንደምጽፍ ስትጠይቀኝ የምተወው ነገር እንዳለ ብቻ ነገርኳት። ያንን ቀጭን ኪቦርድ ከመሳቢያዋ አወጣች፤ ጥፍሯን ሁለቱ ቁልፎች ላይ አመላለሰችው፤ ከሱቅ የተመለስን ዕለት ነው ያወቅኩት አለች። እሱ እስኪነግረኝ እየጠበቅኩ ነው። ጻፊው፤ የሚያነብልኝ እሱ አይደል? አለችኝ።

እንግዲህ ጋሼ፣ እዚህ ድረስ ካነበብክላት አታቋርጥ፤ የቀረው ጥቂት ነው። ያንን ኪቦርድ ሥራ ቤትህ ባሳደርክበት ቀን ሁለቱን ጉብታዎች የፋብሪካ እንከን መስለውህ፣ ጣቷን እንዳይቆረቁሯት ብለህ በሞረድ ያጠፋሃቸው አንተ ነህ።